ግራው ጎመን፣ ቀኙ ክትፎ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። የሰፈር ልጆች የለጉት ኳስ መጥቶ የግቢያችንን የቆርቆሮ አጥር «ዷ!» አደረገው። ባለቤቴ «እነዚህ ልጆች ዛሬ አጥሩን ሳይጥሉት አይመለሱም!» እያለች ወጣች። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። እስክሪብቶው ግን ከእጄ ወድቋል። ዝቅ ብዬ ሳይ አስሩም ጣቶቼ ተዘርግተው፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ተጠጋግተው፣ ኳስ ሊይዙ ተሰናድተው አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ጓንት ካጠለቅሁም ስንት ዘመኔ። ጣት ግን እንደ ሰው አይረሳም መሰለኝ።

ያንን ድምፅ የለመድኩት እዚሁ ቡታጅራ፣ ኳስ ሜዳው ዳር ነው። ከአንደኛው አንግል ጀርባ ረጅም የቆርቆሮ አጥር ነበር። የቡድናችን አምበልና አንደኛ በረኛ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ያቆመኝና ከጀርባዬ ሆኖ ኳሱን ይለጋዋል። ኳሱ አጥሩን መትቶ ሲመለስ ነው የማየው። እስክዘጋጅ ድረስ ብዙ ጊዜ ደረቴን፣ አንዳንዴም አፍንጫዬን ያገኘኛል።

«አትይ፣ ስማ!» ይለኛል ከኋላዬ። «እግሩ ኳሱን ሲነካ ስማው። አጥብቆ የመታው ድምፁ አጭር ነው። በጎን የመታው ይለሰልሳል። ጆሮህ ቀድሞ ይነሳ፤ ዓይን በኋላ ይደርሳል።»

እኔ ይኼን የበረኛ ጥበብ ነው ብዬ ነበር የምማረው። ሌላ ነገር እንደነበረበት የገባኝ ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

ያ ዓመት ለከተማችን የተለየ ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ቡድናችን አናጢው መዶሻውን፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ እሁድ እሁድ የሚጫወትበት ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫዋች ደመወዝተኛ ሆነ። ሥራችሁ ኳስ ነው ተባልን! እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሃያኛ ዓመቴን ልይዝ የተቃረብኩ፣ ተቀያሪ በረኛ ሆኜ የተመረጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ለእናቴ ስነግራት ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ያለች ያህል ጮክ ብላ ሳቀች። «አሁን እንግዲህ ለመንከባለልም ይከፈላል?» አለችኝ። የመጀመሪያውን ማልያ ሳመጣላት ግን በእጇ አጥባ፣ አስጥታ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲያየው ሦስት ቀን ሙሉ ከገመዱ ላይ አላወረደችውም። ቀይ ነበር፤ የማረቆ በርበሬ ቀለም።

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ ነበር የመጣው። ቀጭን፣ በአንገቱ ፊሽካ በኪሱ መሐረብ የማይለየው፣ ሲናደድ ፊሽካውን የሚያኝክ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ሰብስቦን «የምንጫወተው ለመውጣት ነው። ሊጉን በአንደኝነት ጨርሰን ወደ ላይኛው እንወጣለን። ሌላ ወሬ አልፈልግም» አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመሐላችን ሁለቱ ገና ታኬታ ጫማ አልነበራቸውም።

አምበላችን ግን አልሳቀም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ መስካን ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ቡታጅራ ላይ በርበሬ የሚነግድ፣ ለዚህ ቡድን ያለ ደመወዝ አስራ አምስት ዓመት የቆመ ሰው። እጁ እንደ አካፋ ሰፊ ነው። ለሁሉም ነገር «አልሐምዱሊላህ» ነው መልሱ፤ ግብ ሲገባበትም ጭምር። ከስብሰባው ስንወጣ ትከሻዬን ያዘና፣ «ወንድሜ፣ አስራ አምስት ዓመት ስጠብቅ የነበረው ይኼን ዓመት ነው» አለኝ። ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እምድብር ወርደን የወዳጅነት ጨዋታ አደረግን። ሜዳው ዙሪያውን እንሰት ነው። ኳሱ በወጣ ቁጥር እንሰቱ ውስጥ ይገባና ጨዋታው ይቆማል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ኳሳችንን በእንሰት ቅጠል ጠርገው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ይዘውልን መጡ። ሰጡንና፣ «ይኼን ያህል የምትመቱት ምን አድርጓችሁ ነው?» ብለው ጠየቁን። ሳቅ ገድሎን ተጋጣሚዎቻችን በዚያች ደቂቃ ግብ አገቡብን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ዛሬም ሳስበው ልቤ ይመታል። አሸነፍን። ደግመን አሸነፍን። አራተኛውን ስናሸንፍ የባጃጅ ነጂዎች ቀይ ጨርቅ አሠሩ። ስድስተኛውን ስናሸንፍ እሁድ ከሰዓት ሱቅ የሚከፍት ጠፋ። ሰዉ ከመስካን ገጠር በእግሩ፣ በጋሪ፣ በአይሱዙ ላይ ቆሞ ይመጣል። ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ጣራ ላይ የሚቀመጠው! አቧራው፣ ጭብጨባው፣ የሴቶቹ እልልታ፣ ከሜዳው ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ! እኔ ያን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ግን እመነኝ፣ ከተሰለፉት አስራ አንዱ አንሼ አላውቅም። ፀጉር ቤት ስገባ «የኛ በረኛ» እየተባልኩ ተራ ይለቀቅልኛል። አንድ ቀን እንኳ አልተጫወትኩም እኮ!

በአንግሉ መሐል ደግሞ አምበላችን። ፊት ለፊት የመጣን ኳስ ሰው እንዴት እንደዚያ ይይዛል? አጥቂ ብቻውን አምልጦ ቢመጣ እንኳ ኳሱ ተመትቶ እጁ ውስጥ ይገባና ይቀራል፤ በመዳፉ ሙጫ ያለ ይመስላል። ሕዝቡ «ግንቡ! ግንቡ!» እያለ ይጮህለታል።

ታዲያ አንድ ነገር መታዘብ ጀመርኩ። በልምምድ ላይ ከመስመር የሚሻገሩ ኳሶች ያመልጡታል። ያውም ዘግይቶ ስለሚነሳ አይደለም፤ ጨርሶ አይነሳም። እንደቆመ ኳሱ በአጠገቡ ያልፋል። አንድ ቀን ደግሞ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ በግራው በኩል ቆሜ የውኃ ጠርሙስ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። «ጋሼ፣ ውኃ» ስለው ደንግጦ ዘወር አለ፤ እዚያ መኖሬን አላወቀም ነበር።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርህ፤ ቦታውን እፈልገው ስለነበር ነው። እውነቱን ነው የምልህ። እየፈለግሁት ስለ እሱ ክፉ ብናገር ለቡድኑ ብዬ ይሁን ለራሴ፣ እኔው ራሴ ማወቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። በሜዳችን፣ በሕዝባችን ፊት፣ አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ከግራ መስመር ኳስ ተሻገረ። የሕፃን ኳስ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ከፍ ብሎ፣ የሚመጣ። አምበሉ አልተንቀሳቀሰም። የተጋጣሚው አጥቂ በቴስታ ብቻውን አስገባው። ሁለተኛዋም እንደዚያው ገባች። ተሸነፍን።

ሕዝቡ ግን «ግንቡን» አልነካም። የተነሳው በመሐል ተከላካያችን ላይ ነው። ተከላካያችን የጉንችሬ ልጅ ነበር። ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ፣ ከሰው ጋር የማይጋፋ፣ አማርኛው ውስጥ የእናቱ ቋንቋ የሚሰማ፣ ዓይን አፋር። «አንተ እንቅልፋም! ወደ ጉንችሬህ ተመለስ!» እያሉ የብርቱካን ልጣጭ ወረወሩበት። አሰልጣኙም ፊሽካውን እያኘከ፣ «በሚቀጥለው አትሰለፍም» አለው። ተከላካዩ አልተከራከረም። ጫማውን ፈትቶ፣ ካልሲውን አጣጥፎ፣ ግድግዳ ላይ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

አንጀቴን በላው። በማግሥቱ ከልምምድ በኋላ አምበሉን ጠበቅሁት። ከባህር ዛፎቹ ሥር የአስር ሶላቱን ሰግዶ እስኪጨርስ ቆምኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ» አልኩት፤ «ትናንት ኳሱን አላየኸውም።»

መስገጃውን አጣጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ፊት ለፊት እይ። እዚያ የአንግሉን ቋሚ ብቻ እይ» አለኝና ጣቱን በጆሮዬ በኩል ከኋላ ወደፊት ቀስ እያለ አመጣ። «ስታየው ንገረኝ።»

ጣቱ ገና ከጆሮዬ እንዳለፈ፣ «አየሁት» አልኩ።

«በል አሁን ለእኔ አድርግልኝ።»

ጣቴን በጆሮው በኩል አመጣሁ። ጉንጩን አለፈ። ምንም አላለም። አፍንጫው አጠገብ ሲደርስ ነው «ያው» ያለው።

«በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው» አለኝ። «ፊት ለፊቱ አልሐምዱሊላህ ነው። ጎኑ ግን ጨልሟል። አዲስ አበባ ሄጄ ታይቻለሁ። ዓይን ውስጥ ግፊት አለ ብለውኛል። ጠብታ ሰጥተውኛል፤ ግን የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም መቆየቱ አይታወቅም አሉኝ።» ትንሽ ሣር ነቀለና በጣቶቹ አሸው። «አራት ጨዋታ ነው የቀረን። አስራ አምስት ዓመት ጠብቄ ወንድሜ፣ አራት ጨዋታ። ዝም በልልኝ።»

የቆርቆሮው ትምህርት ያኔ ነው የገባኝ። ለካስ እኔን ብቻ አልነበረም ሲያሰለጥን የከረመው፤ ራሱንም ጭምር ነው።

«እኔስ ዝም ልበል» አልኩት በመጨረሻ። «ተከላካዩስ? በአንተ ስህተት እሱ ተሰድቦ ሊቀር ነው?»

እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወላሂ እውነትህን ነው» አለና ተነሳ። ከዚያው ከሜዳው ቀጥ ብለን ተከላካዩ የተከራየበት ቤት ሄድን። ሻንጣውን ሲቆልፍ ደረስንበት። በነጋታው በጠዋት ወደ አገሩ ሊሳፈር ነበር። አምበሉ በር ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገረው። ጎንበስ ብሎም ጉልበቱን ሊስም ሲል ያ ዓይን አፋር ግዙፍ ሰው ደንግጦ እሱም ጎንበስ ሲል ሁለቱ በግንባራቸው ተጋጩ። ጠብ የተነሳ ነበር የመሰለኝ! ግንባራቸውን ይዘው እየተያዩ ሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ከሳቁ ጋር አለቀስኩ።

ያን ዕለት ማታ በራት ላይ መላ መታን። አምበሉ ሳህኑን አየና፣ «እኔ ጎኔን አላይም፤ ግን እሰማለሁ። ኳስ በየት በኩል እንደሚመጣ አንተ ጮህልኝ» አለው ተከላካዩን።

«ግራ ቀኝ እያልኩ?»

«እንደዚያ ካልክማ ሰው ሁሉ ያውቅብናል።»

ተከላካዩ የቀረበልንን የጾም ጎመን አየና በዚያ ቀስ ባለ አነጋገሩ፣ «እንግዲያው ግራው ጎመን ይሁን፣ ቀኙ ክትፎ» አለ።

በዚያ ሳምንት አምበሉ አሰልጣኙ ዘንድ ሄዶ «ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ልጁን መልሰው» ብሎ ለመነለት። ስለ ዓይኑ ግን አልነገረውም። ተከላካዩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው እስካሁን ያወራዋል። ኳስ በግራ መስመር ሲሻገር ተከላካያችን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «ጎመን! ጎመን!» ይላል፤ አምበሉ ወደ ግራ ዘወር ብሎ ይዘላል። በቀኝ ሲመጣ «ክትፎ!» ይላል፤ ኳሱ ገና ሳይደርስ ያ ሰፊ እጅ ይጠብቀዋል። የተጋጣሚ ተጫዋቾች ግራ ገባቸው። አንዱ አጥቂ ቆሞ፣ «ዳኛ፣ ይኼ ሰውዬ ርቦታል መሰለኝ» አለ። ይባስ ብሎ ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነበር። አንድ አዛውንት ደጋፊ ተከላካዩን አስቁመው፣ «ልጄ፣ ሥጋ መከልከሉ ከበደህ እንዴ? ቢያንስ በሆድህ አስበው እንጂ በአደባባይ አትጩኸው» ብለው መከሩት። ቀልዱ ከተማ ገባ። ሕዝቡ ምሥጢሩን ሳያውቅ ከእኛ ጋር መጮህ ጀመረ። አስበው እስቲ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አፍ «ጎመን!» ሲል! ሦስቱን ጨዋታዎች ጨርሰን አሸነፍን።

አንድ ቀረን። የመጨረሻው ጨዋታ ወልቂጤ ላይ ነበር። እነሱ ካሸነፉ እነሱ ይወጣሉ፤ እኛ አቻ ከወጣን እኛ እንወጣለን። 

በዋዜማው ማለዳ ተነስተን በዘቢዳር ተራራ ወገን ደጋውን አቋረጥን። የጉመር ጉም የአውቶቡሱን መስኮት ነጭ አድርጎት ነበር። አረቅጥ ላይ ወርደን ትኩስ ነገር ስንቀማምስ ከኋላችን የደጋፊዎቻችን አይሱዙዎች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቀይ ጨርቅ፣ መለከት፣ በብርድ የቀላ ፊት ሁሉ ይስቃል። ተከላካዩ ድምፁን ለመጠበቅ ትኩስ ውኃ በማር እየጠጣ ዝም ብሏል። አምበሉ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «ጉሙ ደስ ይላል» አለኝ ፈገግ ብሎ፤ «ዛሬ ሁላችሁም እንደ እኔ ናችሁ።»

የወልቂጤ ሰው በደንብ ተቀበለን። ግን እግዚአብሔር ያሳይህ፣ በማግሥቱ ሜዳው ውስጥ ስንገባ ያን የመሰለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከበሮ፣ ጥሩንባ፣ በእጅ ጭብጨባ የሚሄድ የጉራጌ ጭፈራ፤ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይርገበገባል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ደሜ ሞቀ። ወዲያው ግን አጠገቤ ያለው ተቀያሪ የሚለኝን መስማት አልቻልኩም። ተከላካያችንን አየሁት። አፉ ተከፍቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ «ጎመን» እያለ ነው፤ ድምፁ ግን የለም። ከበሮው በልቶታል።

አምበሉ በአንግሉ መሐል ብቻውን ቆሟል። ጭንቅላቱን ወዲያ ወዲህ ያዞራል። ሠላሳኛው ደቂቃ አካባቢ ከግራ ተሻግሮ የመጣውን ኳስ አጥቂያቸው በደረቱ ጭምር ገፍቶ አስገባው። አንድ ለዜሮ። የእኛ ሰዎች ባሉበት ጥግ ቀይ ጨርቁ ሁሉ ወረደ።

በእረፍት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ተከላካዩ ላይ አፉን ሊከፍት ሲል አምበሉ ተነሳ።

«ኮች፣ ቆይ» አለ። «እሱን አትናገረው። እኔ ጎኔን አላይም። ከጥቅምት ጀምሮ አላይም።»

ከውጭ ከበሮው ብቻ ይደልቃል። አምበሉ ሁሉንም ተናገረ፤ ጣቱን፣ ሐኪሙን፣ ጎመኑን። አሰልጣኙ የኳስ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። ፊሽካውን ከአፉ አወጣና፣ «በግማሽ ዓይንህ ነው ይኼን ሁሉ ያዳንከው?» አለ። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ድምፁ እንደ ታማሚ ነበር።

«ዛሬ አልችልም» አለ አምበሉ። «አልሰማም። ልጁ ይግባ።»

ልጁ እኔ ነበርኩ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። ጓንቶቹን አውልቆ በእጄ ላይ አጠለቀልኝ፤ ውስጣቸው ገና በላቡ ሞቆ ነበር። የክንዱን የአምበልነት መለያ ፈትቶ ደግሞ ለተከላካዩ አሠረለት። ተከላካዩ «እኔ አይገባኝም» ሲለው፣ «ዝም በል፤ የተሰደብከው ለእኔ ነው» አለው። ሁለታችንንም በአንገታችን ይዞ ወደ በሩ ገፋን።

ከዚያ የተቀያሪ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ዞሮ መጥቶ ከእኔ አንግል ጀርባ፣ ከመረቡ ኋላ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አራጋቢው ዳኛ አየው፤ ሊያስነሳው አስቦ ተወው።

የመጀመሪያዋን ኳስ ስይዝ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ኳሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ አፈር አፈር ይሸታል። ከመረቡ ኋላ «እንደዚያ ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላ መጣ፤ በእግሬ አወጣሁት። ሌላ መጣ፤ ቋሚው አዳነኝ። ደግሞ ለእኛ ኮርና ተሰጠ። ያ የጉንችሬ ልጅ ከእኔ ፊት ተነስቶ በረጃጅም እግሮቹ ሜዳውን አቋርጦ ሲሄድ አየሁት። ኳሱ ተመታ፤ ከሁሉም ራስ በላይ አንድ ራስ ወጣ፤ መረቡ ተወጠረ! በቴስታ! አንድ ለአንድ! እየሮጠ መጥቶ እኔን አልፎ ከመረቡ ኋላ ያለውን ሰው ነው ያቀፈው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ማለቂያ አልነበረውም። እነሱ ሁሉም ወደ እኛ ወጡ። ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ዳኛው ፊሽካውን በእጁ ይዞ ሰዓቱን ሲያይ፣ ከግራ መስመር የመጨረሻዋ ኳስ ተሻገረች። እዚያ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለማየት ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ከበሮው ቆመ። ሜዳው እንደ ቤተ ክርስቲያን ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ተከላካያችን ከልማዱ፣ ማንም ሳያስፈልገው፣ «ጎመን!» ብሎ ጮኸ።

ዘለልኩ። እውነቱን እነግርሃለሁ፤ እንዳሰብኩት አልያዝኳትም። በሁለት እጄ ነካኋት፤ ጓንቱ ስለሚሰፋኝ አዳለጠችኝ፤ ከእጄ ወጥታ መሬት ነካች። የአንድ አጥቂ እግር ሲመጣ አየሁ። በሆዴ ወደቅሁባትና እንደ ጎመን ዘር ከሥሬ ቀበርኳት። ታኬታው ትከሻዬን ጫረው። ከዚያ ፊሽካው።

ወጣን! ልነግርህ አልችልም። የአቧራው ጣዕም፣ በላዬ ላይ የተከመረው ሰው ክብደት፣ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት የሰው እንባ በአንገቴ ሲወርድ! የወልቂጤ ተጫዋቾችም መጥተው ጨበጡን፤ አንዱ፣ «እባክህ ጎመኑ ምንድነው? ሳልሰማ አልተኛም» አለኝ። ነገርኩት። ሄዶ የአምበላችንን ግንባር ሳመው።

እዚያው አድረን በማግሥቱ ወደ ረፋዱ ላይ ቡታጅራ ስንገባ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥቷል፤ ነጋዴ ሚዛኑን ጥሎ መጥቷል። እናቴ ቀይ ሻሽ አሥራ ከፊት ቆማለች። አምበሉ ከአውቶቡሱ ሲወርድ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሰዉ «እያቸው፣ እንዴት እንደሚዋደዱ!» እያለ አጨበጨበ። እንዋደዳለን፤ ግን ደረጃው አልታይ ብሎት ነበር። እንደያዘኝ በሕዝቡ መሐል ቤቱ ድረስ ሄድን። በር ላይ ሚስቱ ስትቀበለው ወደ እኔ ዞረና፣ «እስቲ ንገረኝ፤ የመጨረሻዋን እንዴት ያዝካት?» አለኝ።

«በአየር ላይ ነው የያዝኳት፤ በሁለት እጄ፣ እንዳስተማርከኝ!» አልኩት። ያፈርኩት በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ አዲስ በረኛ ከውጭ አመጣ። እኔ ሁለት ዓመት ተቀያሪ ሆኜ ኖሬ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ተከላካዩ ትልቅ ቡድን ወሰደው፤ ደስ ብሎናል። አምበሉ ቀስ በቀስ የቀረውም ብርሃን ሄደበት። የበርበሬ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ በእጁ እየዳሰሰ ይነግድ ነበር። በየዒዱ እሄዳለሁ። ምግቡ ተነስቶ ሻይ ሲመጣ፣ «እስቲ ያቺን ኳስ ንገረኝ» ይለኛል። እኔም እነግረዋለሁ። በየዓመቱ ኳሷ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ዝላዬም ይጨምራል። እሱ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ ብሎ ይሰማል።

የመጨረሻው ዒድ ላይ ተናግሬ ስጨርስ ሳቀ።

«ወንድሜ» አለኝ፤ «እኔ'ኮ ከኋላህ ነበርኩ። ሕዝቡ ዝም ሲል ሰምቻታለሁ። እጅህን ነካች፣ ከዚያ መሬት ነካች፣ ከዚያ አንተ ዱብ አልክባት።»

ፊቴ ጋለ። «ጋሼ፣ እያወቅህ ታዲያ ለምንድነው በየዓመቱ የምታስነግረኝ?»

በአየር ላይ ፈልጎ እጄን አገኘና ያዘኝ። «ስትነግረኝ ድምፅህ ሃያ ዓመት ይሆናላ» አለኝ።

ሌላ ዒድ ሳይመጣ በክረምቱ፣ በጭቃው ውስጥ መስካን ወስደን ቀበርነው። ተከላካዩም ከሩቅ መጥቶ ከቃሬዛው አንደኛውን ጎን ይዞ ነበር። የአምበሉ ሚስት ዛሬም በዒድ ትጠራኛለች። ሄጄ እበላለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ስለ ልጆቻቸው እንጫወታለን። ስለዚያች ኳስ የሚጠይቀኝ ግን የለም፤ እኔም ጀምሬው አላውቅም። ለአንተ ነው የነገርኩት፤ እንደሆነው አድርጌ።